የይርዳው ፊርማ

በሃሩን ላይ የተፈረደው የሞት ፍርድ መጽናቱን ለእናቱ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። እትዬ ሀዲያ ጎረቤቴ ናቸው። ቤታችንን የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ስለሆነ እሳቸው ሲያስሉ እኔ ቤት ይሰማል፤ እኔና ባለቤቴ ስንጨቃጨቅ ደግሞ እሳቸው ቤት ይሰማል። ስልካቸው ባለቁልፍ ነው፣ ድምፅ እንጂ ሌላ አይቀበልም። ስለዚህ ከዓረብ አገር የሚላክ ጽሑፍና ፎቶ የሚደርሰው በእኔ ስልክ ነበር። አምና ግንቦት ላይ ከትምህርት ቤት ስወጣ፣ ከሃሩን ጋር የታሰረ ወንድዬ የሚባል የጎጃም ልጅ በድብቅ ስልክ የጻፈው መልእክት ገባልኝ። «ቲቸር፣ ይግባኙ ውድቅ ሆኗል። ለእናቱ ቀስ አድርገው ይንገሯቸው» ይላል። ቀስ ተደርጎ እንዴት እንደሚነገር ግን አልጻፈልኝም።

ሃሩን ተማሪዬ ነበር። መካነ ሰላም ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ አሥራ አራት ዓመት ሆኖኛል፤ እሱን አሥረኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ። በጣም ጎበዝ አልነበረም፣ ሰነፍም አልነበረም። አባቱ ሲሞቱ ትምህርቱን ትቶ እንደ ብዙዎቹ የሰፈራችን ልጆች በጅቡቲ አድርጎ ባሕር ተሻገረ። የመጨረሻው ድንበር ላይ አሻጋሪዎቹ ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ጆንያ አሸከሟቸው፤ ያልተሸከመ እዚያው በረሃ ላይ ይቀራል ተባለ። ተኩስ ሲከፈት አሻጋሪዎቹ ሸሹ፣ ሃሩን ከነጆንያው ተያዘ። ውስጡ ሐሺሽ ነበር። ልጁ ቁርኣን ይቀራል እንጂ ዓረብኛ ሲናገሩት አይሰማም፤ ክሱ በማይሰማው ቋንቋ ተነበበለት፣ ቃሉንም በማይሰማው ቋንቋ ጽፈው አስፈረሙት። ያኔ ሃያ ዓመቱ ነው።

እትዬ ሀዲያ ይህን ሁሉ ሰምተው ያለቀሱት አንድ ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ዓርብን መጠበቅ ጀመሩ። ሃሩን ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ይደውላል። ስልኩን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፣ ምልክት ይሻላል የሚባለው የጓሮው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁታል። ደውሎ ሲጨርስ በግድግዳው በኩል «ሙሉዬ፣ ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ» ይሉኛል። እኔም ያን ሳልሰማ ዓርብን አላሳልፍም ነበር።

የእኔ ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው። ይርዳውን ካገባሁት አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል፤ አልወለድንም። አማቴ እማማ የሻለም ያልወሰዱኝ ጸበል የለም። በመጨረሻ አዲስ አበባ ሄጄ ስመረመር ማህፀኔ ደህና ነው፣ ቱቦዎቹ ግን ተዘግተዋል አሉኝ። ለተማሪዎቼ በየዓመቱ በሰሌዳ ላይ የምስለው ቱቦ የእኔ እንደተደፈነ ሳላውቅ ኖሬያለሁ። ያለንን ሸጠን ክሊኒክ ገባን። የእኔን እንቁላልና የይርዳውን ዘር ከሰውነታችን ውጭ አገናኝተው ሦስት ፅንስ አገኙ። አንዱን አምና አስገቡልኝ፣ አልያዘም። ሁለቱን ለሌላ ጊዜ አቀዝቅዘው አስቀመጧቸው።

ይህን ለነፍስ አባታችን ስናገር፣ «እነዚያ በበረዶ ያሉት ነፍስ አላቸው?» ብለው እኔኑ መልሰው ጠየቁኝ። አስተማሪ ነሽ ብለው ነው። አላውቅም አልኳቸው። «እኔም አላውቅም። ግን ትተሻቸው አትቅሪ» አሉኝ።

እንግዲህ በዚህ መሀል ነው ጦርነቱ አካባቢያችን የገባው። ትምህርት ቤታችን ዘንድሮ አልተከፈተም። አንዱ ወገን ገብቶበት ወጣ፣ ሌላው ገብቶበት ወጣ፤ የቤተ ሙከራው ጠረጴዛ ለማገዶ ሆነ። ሥራ ስፈታ የማደርገው ስለሌለ፣ ኢንተርኔቱ በመጣ ቀን ሁሉ ስልኬን እየነካካሁ ዜና አነብ ነበር። ባላነብ ይሻለኝ ነበር። አንድ ቀን በአንድ ገጽ ላይ ሦስት ነገር ተከታትሎ አየሁ። አንድ አገር ውስጥ የስድሳ ዓመት ሴት በሐኪም እርዳታ መንታ ወለደች ይላል። ከሥሩ፣ ዓረብ አገር አምስት ሰዎች በሞት ተቀጡ ይላል፤ ስማቸው የለም፣ የመጡበት አገር ብቻ ነው የተጻፈው። ከሥሩ ደግሞ እኛው አገር በአንድ ቀን ይህን ያህል «ተደመሰሰ» ይላል።

አስተያየቶቹን አነበብኩ። ለሴትየዋ «በእግዜር ሥራ መግባት ነው» ብለው ሰድበዋታል። ለተቀጡት «ሕግ ሕግ ነው፣ ይገባቸዋል» ብለዋል። ለተደመሰሱት አጨብጭበዋል። ሰው ሰውን ሲገድል የእግዜር ሥራ ላይ መግባት አይባልም፤ እኔ አንዲት ልጅ ልውለድ ስል ግን ይባላል። ይህን ለይርዳው ሳነብለት «ተይው፣ አትናደጂ» አለኝ። አልተውኩትም። በዚያ ሰሞን ከእንቅልፌ የምነቃው ተናድጄ ነው፤ ሽሮ ሳማስል እንኳ ከማላውቀው ሰው ጋር እየተሟገትኩ ነበር።

መስከረም መጨረሻ ላይ የክሊኒኩ ነርስ ሲስተር አበቡ ደወለችልኝ። ወር አበባዬ በመጣ በሁለተኛው ቀን ኪኒኑን እንድጀምር፣ በአሥራ ሁለተኛው ቀን አዲስ አበባ እንድገኝ ነገረችኝ። አንድ ነገር አጥብቃ ነው ያለችው፤ ፅንሱ ከበረዶ በወጣ ቁጥር ባልና ሚስት ሁለቱም በአካል ቀርበው ይፈርማሉ። ባል ካልፈረመ አይወጣም። እኔ ይህን እንደ ጉዳይ አልቆጠርኩትም ነበር። ስልኩን ዘግቼ የኪኒኑን ቀን ብቻ መቁጠር ጀመርኩ። በሳምንቱ ደግሞ ስልክም ኢንተርኔትም አንድ ላይ ጠፋ።

ይርዳው አናጢ ነው። በርና መስኮት፣ አልጋና ቁምሳጥን ይሠራ ነበር። ከጦርነቱ ወዲህ ቁምሳጥን የሚያዝ ሰው የለም፤ የሚታዘዘው የሬሳ ሳጥን ነው። ኪኒኑን ከጀመርኩ በአምስተኛው ቀን በእውቀቱ የሚባል የሒሳብ አስተማሪ፣ የሥራ ባልደረባዬና የይርዳው የልብ ወዳጅ፣ ከከላላ ሲመለስ መንገድ ላይ በጥይት ተመትቶ ሞተ። የማን ጥይት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ይርዳው ወዳጁን በሜትር ለክቶ ሳጥኑን ሠራለት። ከቀብር መልስ እጁን ታጥቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠና፣

«ሙሉ፣ እኔ አልፈርምም» አለኝ።

መጀመሪያ ምን እንደሚል አልገባኝም። ሲገባኝ፣ ምን ሆነህ ነው አልኩት።

«እስከ ዛሬ አሥራ ሰባት ሳጥን ሠርቻለሁ። አንዱም የሽማግሌ አይደለም። ለዚህ ነው የምንወልደው?»

ያን ቀን ያላልኩት ነገር የለም። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅኩት አንተ እንድትደክም ነወይ አልኩት። በመጨረሻም፣ እናትህ አንተን የወለዱህ በሰባ ሰባት ድርቅ ነው፣ ያኔ ለማን ብለው ወለዱህ አልኩት። በዚህ የምረታው መስሎኝ ነበር።

«እናቴ መርጣ አይደለም፤ መጣሁባት» አለኝ። «እኛ ግን ፈርመን ነው የምናመጣው።»

ብዙ ክርክር ከብዙ ሰው ጋር በልቤ ስከራከር ከርሜ፣ ከባሌ አፍ የወጣው ላይ ምንም አልነበረኝም። ተነስቼ ወጣሁና ጓሮ ቆሜ አለቀስኩ። ኪኒኑን ግን አላቆምኩም። በቀን ሦስቴ፣ ሰዓቱን ጠብቄ እውጠዋለሁ።

እትዬ ሀዲያ ሁሉንም በግድግዳው በኩል ሰምተዋል። ሁለት ቀን ታግሰው በሦስተኛው ረፋድ ላይ መጡ። ዓርብ ነበር። ያለፈው ዓርብ ሃሩን አልደወለም፤ ስልኩ ስለጠፋ ነው ብለን እኔም እሳቸውም ተጽናንተናል። ይርዳው በረንዳው ላይ እንጨት ይልግ ነበር። አጠገቡ ካለው ግንድ ላይ ተቀመጡ። እንዲህ በተቀመጡበት ሰላምታ እንኳ ሳያበዙ ነው የጀመሩት።

«ይርዳው ልጄ፣ የኔን ነገር ታውቃለህ። ልጄ ላይ ሞት ተፈርዶበታል። ሃያ ሦስት ዓመት ልጄ ሆኖ ኖሯል። ያን ሁሉ ቀን ሳየው አንዷን ቀን እንኳ ባልወለድኩት ያልኩባት የለችም። ዛሬ ጌታዬ መጥቶ ያን ዘመን ከነሐዘኑ ልውሰድልሽ ቢለኝ እንቢ እለዋለሁ። አንተ የምትፈራው ገና ያላየኸውን ነው።»

ይርዳው መላጊያውን ይዞ አቀርቅሮ ቀረ። «ኢንሻአላህ ይፈታል እትዬ» ብቻ አላቸው። እሳቸውም ስልኩን ልጠብቅ ብለው ወደ ጓሯቸው ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት ይርዳው ጋቢውንና ሁለት ሸሚዝ ቦርሳ ውስጥ ሲከት አገኘሁት። «እሄዳለሁ። መፈረሙን እዚያ ስደርስ አስብበታለሁ» አለኝ። ይህም አናደደኝ፤ ግን የራሴን ቦርሳ ማዘጋጀት ጀመርኩ።

በደሴ በኩል አዲስ አበባ የሚያደርሰው የአቀስታ መንገድ ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ በከላላ አድርገን ደጎሎ ለመውጣት አሰብን። ጥቂቱን በእህል ጫኝ መኪና፣ ብዙውን በእግር ነው የሄድነው፤ ከላላ ስንቃረብ እግሬ አብጦ ይርዳው በቅሎ ተከራየልኝ። ከከላላ አልፈን ኬላ ላይ አስቆሙን። ጠመንጃ የያዘ ወጣት ቦርሳዬን በርብሮ ኪኒኖቹን አወጣ።

ለማን ቁስለኛ ነው የምትወስጂው አለኝ። የራሴ ነው አልኩት። ታዲያ በሽታሽ ምንድነው አለኝ። ከኋላዬ ሃያ የሚሆን ሰው ተሰልፏል። ዶሮ የያዙ፣ በርበሬ የተሸከሙ ገበያተኞች ናቸው። ሁሉም ያየኛል።

«ልጅ ለመውለድ ነው» አልኩት።

ሳቀ። ኪኒን ተውጦ ነው እንዴ የሚወለደው ብሎ ለጓደኛው አሳየው። ይርዳው ጡንቻው ሲወጠር አየሁና ክንዱን ያዝኩት። ያን ጊዜ በርበሬ የተሸከሙ አንዲት እናት ከሰልፉ ወጥተው፣ «እፈር! ያንተ እናት አንተን ያገኘችው ስቃ ይመስልሃል?» አሉት። ልጁ ፊቱ ቀላና መድኃኒቱን መለሰልኝ። ከዚያ በኋላ ባለው ኬላ የቆሙት የሌላው ወገን ሰዎች ናቸው፤ እነሱም ያንኑ ጠየቁኝ፣ እኔም ያንኑ መለስኩ። ሁለተኛው ግን አልሳቀም፣ አፍሮ እለፉ አለን። ደጎሎ ላይ መኪና አጥተን አንድ ቀን ተኩል ተቀመጥን። አሥራ ሁለተኛው ቀን እዚያው አለፈብኝ።

በአሥራ አራተኛው ቀን አዲስ አበባ ልንገባ ስንል አውቶቡሱ ውስጥ ስልኬ ነቃ። የሁለት ሳምንት መልእክት እየተከታተለ ገባ። ከመሀሉ የወንድዬ የድምፅ መልእክት ነበረበት። ይርዳው ትከሻዬ ላይ ተኝቷል። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ሰማሁት።

«ቲቸር፣ ሃሩንን ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ጠርተው ወሰዱት። አልተመለሰም። ረፋድ ላይ ብርድ ልብሱንና ልብሱን አመጡልን። የት እንደቀበሩት አይናገሩም። ሲወጣ ለእናቴ ንገሩልኝ፣ አልፈራሁም በሉልኝ ብሏል። ፈርቶ ነበር ግን።»

የተላከበትን ቀን አየሁ። ይርዳው የበእውቀቱን ሳጥን በሠራበት ሳምንት ነው። እትዬ ሀዲያ በረንዳችን ላይ ተቀምጠው «ልጄ ላይ ሞት ተፈርዶበታል» ሲሉ፣ ልጃቸው ከተቀበረ ሦስት ቀን አልፎታል።

የተኛውን ባሌን አየሁት። ብነግረው የሚሆነውን አውቃለሁ፤ ወይም የማውቅ መስሎኝ ነበር። እዚህ ያደረሰው የእኚያ እናት ቃል ነው። ቃላቸው የቆመበት ልጅ ሞቷል ብዬ ብነግረው እስክሪብቶውን አያነሳም። ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ወደ መካነ ሰላም ቢደወልም አይገባ፣ ለሳቸው መንገር በማልችልበት ለሱ መንገር ምን ይጠቅማል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ውሸት ነው፤ የደበቅኩት ለራሴ ብዬ ነው።

ያረፍነው ኮተቤ፣ የአክስቴ ልጅ የትምወርቅ ቤት ነው። በማግስቱ ክሊኒክ ሄድን። ሐኪሟ መዘግየቴን ስነግራት አይታኝ ማህፀኔ ተዘጋጅቷል፣ አልረፈደም አለችኝ፤ ከአምስት ቀን በኋላ አንዱን እናስገባለን፣ ሁለተኛው ይቆያል አለች። ወረቀቱን አመጡ። ይርዳው ሦስቱንም ገጽ መስመር በመስመር አነበበ። ሲስተር አበቡ ሰዓቷን ታያለች። እኔ የገጹን ድምፅ እያዳመጥኩ፣ አሁን ልንገረው፣ አሁን ልንገረው እላለሁ።

«እትዬ ሀዲያ ባይመጡ አልፈርምም ነበር» አለኝ ቀና ብሎ። ከዚያ ፈረመ።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም።

ፅንሱን ያስገቡልኝ ዕለት ሲስተር አበቡ እጄን ይዛ ሰውነትሽን ልቀቂው፣ ደስ የሚልሽን ነገር አስቢ አለችኝ። እስክሪኑ ላይ ከጤፍ የምታንስ ነጭ ነጥብ አሳዩኝ፤ ያቺ ናት አሉኝ። ደስ የሚለኝን ነገር ፈለግኩ። የመጣልኝ ግን የሃሩን ብርድ ልብስ ነው፤ ማን ለብሶት ይሆን እያልኩ ነበር። አንዱን ሰው ወደዚህ ዓለም ለማምጣት ሦስት ሐኪምና ሁለት ነርስ በጣት ጫፍ ይራመዳሉ፤ ሃያ ሦስት ዓመት ያደገውን ለማጥፋት ደግሞ አንድ ሰው ይበቃል። እንባዬ ሲወርድ የደስታ መስሏት ነርሷ ጠረገችልኝ።

ለይርዳው የነገርኩት በማግስቱ ነው። የትምወርቅ ሥራ ሄዳለች። የወንድዬን ድምፅ ከፍቼ ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ ሰማው። ከዚያ ቀኑን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

«ከመፈረሜ በፊት ሰምተሻል ማለት ነው።»

«አዎ።»

«ብትነግሪኝ ምናልባት እፈርም ነበር» አለኝ። «አሁን ግን አላውቀውም። እሱን ነው የወሰድሽብኝ።»

አልጮኸም፣ አልሰደበኝም። ሦስት ቀን አርፈን በደሴ በኩል ስንመለስ፣ የአቀስታ መንገድ ተከፍቶ ስለነበር ጉዞው ቀላል ሆነ። ይርዳው ግን መንገዱን ሙሉ ከውሃ ጠጪና ተጠንቀቂ በቀር አላናገረኝም። መኪናው በዘለለ ቁጥር በእጁ ይደግፈኛል፤ ፊቱን ግን ወደ መስኮቱ አዙሯል።

መካነ ሰላም የገባነው ዓርብ ቀትር ላይ ነው። ይርዳው ቦርሳውን አስቀምጦ ወደ መስጊድ ሄደ፤ ለኢማሙና ለሰፈሩ ሽማግሌዎች ነገራቸው። በወጉ መሠረት መርዶው በማግስቱ ሲነጋ፣ ሰው ተሰብስቦ እንዲነገራቸው ተስማሙ። እስከዚያ እትዬ ሀዲያ ቤት እንዳልገባ አስጠነቀቁኝ። እኔም በሬን ዘግቼ ተኛሁ። ግን የመጣሁበትን ድምፅ ሰምተዋል፤ ብዙም ሳይቆይ በሬ ተንኳኳ።

ስልኩ ነጠላቸው ጫፍ ላይ ተቋጥሯል። አገላብጠው ሳሙኝ፣ ሆዴን በዓይናቸው አዩ፣ ዱዓ አደረጉልኝ። ከዚያ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጡና፣

«ሙሉዬ፣ እዚያ ስልኩ ይሠራ የለ? ሃሩኔ አልደወለልሽም?» አሉኝ።

ይሠራል ወይም አይሠራም ማለት ነበረብኝ። ሁለቱንም አቃተኝ። ዝም ብዬ አየኋቸው። በዝምታዬ ገባቸው።

«መቼ?» አሉኝ።

ቀኑን ነገርኳቸው። ማክሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ። በጣታቸው ቀኑን ወደ ኋላ ቆጠሩ።

«ማክሰኞ ገበያ ወጥቼ ነበር» አሉ። «ሽንኩርት ተወደደ ብዬ ከሴትዮዋ ጋር ተጣልቻለሁ። ስስቅም ነበር።»

አልፈራሁም በሉልኝ ማለቱን ነገርኳቸው። የቀረውን አልነገርኳቸውም። ሲቆዩ ግን፣ «አንቺ መቼ ሰማሽ?» ብለው ጠየቁኝ። አዲስ አበባ ስንገባ፣ ይርዳው ሳይፈርም በፊት ነው አልኳቸው። ከሱ ደብቄው እንደነበርም ነገርኳቸው። መዋሸት ሰልችቶኝ ነበር።

ቀስ ብለው ተነሱ። «ልጄ ሞቶ በሱ ስም አስፈረምሽ» አሉኝ። «ቂም አልይዝብሽም፤ ላንቺም አዝናለሁ። ግን ነገ ለቅሶዬ ላይ አጠገቤ አትቀመጪ።»

በማግስቱ ሬሳ በሌለበት ሶላተል ጋኢብ ተሰገደለት። ድንኳኑን ያቆመው፣ አግዳሚውን የደረደረው ይርዳው ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም መጥቶ ተቀመጠ፤ የበእውቀቱ ሚስትም በጥቁር ልብሷ መጣች። እኔ በር አካባቢ፣ ከሴቶቹ ሁሉ ኋላ ተቀመጥኩ። እትዬ ሀዲያ አንድም ጊዜ ወደኔ አልዞሩም። ሦስቱንም ቀን እዚያው ቦታ ላይ ዋልኩ።

ፅንሱ ከገባልኝ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ደም አየሁ። መጀመሪያ ጥቂት ነበር፤ እስከ ቀትር ሙሉ ለሙሉ መጣ። ማንን እንደምወቅስ አላወቅኩም። መንገዱን ወቀስኩ፣ ኬላውን ወቀስኩ፣ ዳኛውን ወቀስኩ፣ ደስ የሚልሽን አስቢ ያለችኝን ነርስ ወቀስኩ፣ ገላዬን ወቀስኩ። ያጠብኩትን ጨርቅ መልሼ መልሼ አጠብኩት። የገረመኝ ቁጣዬ ነው፤ ሐዘን ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ቁጣ ብቻ መጣ።

ይርዳው ሲገባ ከፊቴ አወቀ። ጨርቁን ከእጄ ወስዶ ጨመቀና ገመዱ ላይ ሰቀለው። ከዚያ አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«የቀረችውንስ መቼ ነው የሚሉት?» አለኝ።

አፍጥጬ አየሁት። ያንተ ፊርማ ያስፈልጋል እንደገና አልኩት።

«አውቃለሁ። አሁን ሁሉንም ሰምቼ ነው የምፈርመው። በእውቀቱንም፣ ሃሩንንም። ከዛሬ ወዲያ ግን አንዲት ነገር እንዳትደብቂኝ። ከደበቅሽኝ አንድ ላይ አንኖርም።»

አልደብቅህም አልኩት። ከአዲስ አበባ ከተመለስን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አጠገቤ ተቀምጦ በላ።

እትዬ ሀዲያ እስከ ሦስት ሳምንት አላናገሩኝም። ሳስል ይሰማሉ፣ ሲያስሉ እሰማለሁ፤ ያ ነበር የቀረን። አንድ ጠዋት ግን መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ደሙ መምጣቱን ከእማማ የሻለም ሰምተዋል፤ አብሽሪ፣ አላህ ያሽርሽ አሉኝ። ቀጥለውም፣ የልጃቸውን መቃብር ቦታ የሚጠይቅ ደብዳቤ እንድጽፍላቸው ለመኑኝ። ለማን እንደሚጻፍ አያውቁም፤ እኔም አላውቅም። ተቀምጠን ጻፍነው። ይዤው ስዞር አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ላከኝ፣ ሌላው ደሴ ነው አለኝ፣ ደሴ ደግሞ አዲስ አበባ ነው ይላሉ። አዲስ አበባ ስሄድ ራሴ እሰጠዋለሁ ብያቸዋለሁ።

ጥር ላይ ለመሄድ ቀጠሮ ይዘናል። ደብዳቤው ከኪኒኑ ጋር ቦርሳዬ ውስጥ ነው። የአቀስታ መንገድ ትናንት እንደገና ተዘግቷል ይላሉ።